ቋንቋ ዶማ አይደለም

«እንግሊዝኛ ለመልመድ አራት ዓመት?»

ጠያቂው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነው የምንለው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የእህታችን ልጅ ፍሬሽማን ጨርሳ፣ የዲፓርትመንት ምደባ ወጥቶ፣ «እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» ደርሷት መጥታለች። «ደርሷት» ያልኩት በምክንያት ነው። ምርጫ ስትሞላ አራተኛ ላይ የጻፈችው ስለሆነ «መረጠች» የሚል ሰው በቤቱ አልነበረም። ጎማው የፈነዳ መኪና ከበው እንደቆሙ ሰዎች ሁሉም የየራሱን መላ ያቀብላታል። አንዱ ዲፓርትመንት ለመቀየር ማመልከቻ አስገቢ ይላታል። አንዷ ጎን ለጎን አካውንቲንግ በርቀት ተማሪ ትላታለች። ወንድም ጋሼ ግን ነገሩን ከሥሩ ነቀለው፤ «ቋንቋ እኮ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ይያዛል እንጂ ይጠናል እንዴ?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ዲፓርትመንት አልፌ ከትርጉም ሥራ እንጀራ የምበላው እኔ ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ታላቅን በሰው ፊት መመለስ ደግ አይደለም አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር መልሱ አልመጣልኝም ነበር። አሁን መጥቷል።

የወንድም ጋሼን ክርክር ላሳንሰው አልፈልግም። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የምሰማው ነው፤ በጥሩ አፍ ሲቀርብ ደግሞ ጠንካራ ነው። እንዲህ ይላል፦ አገሪቱ ደሃ ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ውድ ነው። በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ድልድይ የሚሠራ፣ በሽተኛ የሚያክም፣ አፈር የሚመረምር ይሁን። እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ለሌላ ነገር ነው፤ ሐኪሙ የሕክምና መጽሐፉን እንዲያነብ፣ መሐንዲሱ ውሉን እንዲረዳ። ለዚህ የቋንቋ ትምህርት ቤት የስድስት ወር ኮርስና ስልክ ላይ ያለ መተርጎሚያ ይበቃል። ሥነ ጽሑፉማ ጭራሽ የሌላ ሰው ቅርስ ነው፤ ቅኝ ያልተገዛች አገር በገዛ ገንዘቧ ልጆቿን ስለ እንግሊዝ ገጠር ሴቶች የትዳር ጭንቀት የምታስተምረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ ያመጣው እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ገብቶ ነው? የተማረው ሕግ ነው። የሚችል በራሱ ይችላል፤ የማይችለውን አራት ዓመት ብታስቀምጠው ዲግሪ ያለው ሥራ ፈት ታደርገዋለህ።

ልክ የሆነበትን አስቀድሜ ልስጠው። ሥራ ማጣቱ እውነት ነው። ብዙ ልጅ ወደዚህ ዲፓርትመንት የሚገባው ነጥቡ ሌላ ቦታ ስላላስገባው መሆኑም እውነት ነው። ተመርቀው አንድ ገጽ ደብዳቤ ሳይሳሳቱ መጻፍ የማይችሉ አሉ፤ አብሬያቸው ተምሬያለሁ፣ አንዳንዶቹ ዛሬ ያስተምራሉ። የእኔ ጠብ ከእነዚህ ሐቆች ጋር ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ ካሰራቸው ገመድ ጋር ነው፤ ቋንቋ መሣሪያ ነው ከሚለው።

ዶማ መሣሪያ ነው። ዶማ ትናንት የማንን ጓሮ እንደቆፈረ አያስታውስም፤ ለማንም እጅ እኩል ነው። ቃል ግን እንደዚያ አይደለም። ያለፈበትን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከያዘውም ሰው ጋር ይከራከራል። ማስረጃ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የወሰን ውል ተፈራረሙ። ሦስተኛው አንቀጽ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ወደ ናይል የሚወርደውን ውኃ «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ ላለመሥራት ይላል። «አሬስት» ምንድን ነው? ማቆም ነው? መግታት? መገደብ? ወይስ መቀነስም ይገባበታል? ግብፅ ያን አንቀጽ ኢትዮጵያ በወንዙ ላይ እንዳትሠራ የሚከለክል አድርጋ ትጠቅሰዋለች። የእኛ ተከራካሪዎች ቃሉ ፍሰቱን ጨርሶ ማቋረጥን እንጂ ውኃውን ተጠቅሞ ማሳለፍን አይመለከትም ይላሉ። ተርባይን አዙሮ የሚያልፍ ውኃ «አሬስት» ተደርጓል ወይስ አልተደረገም? ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የአንድ ግሥ ጥያቄ ነው፤ የሕዳሴ ግድብ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከመዝገብ ቤት ይወጣል። እስቲ ይህን በስድስት ወር ኮርስ ፍቱልኝ።

የውጫሌን ውል ማንሳት ተሰልችቷል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። በየዓመቱ የካቲት 23 ያን 17ኛ አንቀጽ እንተርካለን፤ በአማርኛው «ቢፈልጉ ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግዴታ፤ የአንድ ግሥ ልዩነት ጦር አማዘዘ እንላለን፣ እናጨበጭባለን። የካቲት 24 ስንነሣ ቋንቋ ተመልሶ መሣሪያ ይሆናል።

ወንድም ጋሼ ኮንስትራክሽን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ቤት ምሳሌ ልጨምር። ፊዲክ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ይዞ የሚሠራ ተቋራጭ «ሻል» በሚልና «ሜይ» በሚል አንቀጽ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ብር እንደሚያወጣ ከእኔ በላይ ያውቃል። ይህን ለማስተማር ሼክስፒር አያስፈልግም ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ለ«ሻል» እና ለ«ሜይ» የአንድ ከሰዓት ስልጠና ይበቃል። «ሻል» ግን ሕግ አለው፤ «አሬስት» የለውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቃል የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ልምምድ ነው፤ ቃሉ በዘመኑ በማን አፍ ምን እንደነበር፣ አጠገቡ ከቆመው ቃል ምን እንደሚወርስ፣ ጸሐፊው በቅርብ ያለውን ሌላ ቃል ትቶ ለምን ይህን እንዳነሣ መጠየቅ። ይህ ልምምድ የሚገኘው አንድን ገጽ ሁለት ሰዓት በማንበብ ነው። ገጽ ሁለት ሰዓት የሚነበብበት ዲፓርትመንት ደግሞ ብዙ የለም።

መተርጎሚያው ስልክህ ላይ አለ ይባላል። አለ፤ ጉግል አማርኛን ወደ መተርጎሚያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ ከእሱ ብልህ ናቸው። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፣ አላፍርም። ግን «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» የምትል እናትን ወደ እንግሊዝኛ አሻግሩልኝ። ቃል በቃል ካስቀመጣችኋት መቃብር ገብታ ልጇን የምታጎርስ ትመስላለች። «እባክህ ብላ» ብላችሁ ካለፋችኋት ልጁ ይበላል፣ እናትየዋ ግን ከገጹ ትጠፋለች። ሦስተኛ መንገድ አለ? ምናልባት አለ። ማሽኑ አሥር አማራጭ ቢደረድርልህ እንኳ ከአሥሩ የትኛው እናትየዋን እንዳላጠፋት የሚለይ ጆሮ ማምጣት ያለብህ አንተ ነህ። ያ ጆሮ ከየት ይመጣል?

ወደ «ደሃ አገር» ክርክር ልምጣ። ይህን ክርክር ፖሊሲ አድርገን ሞክረነዋል። ከ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ውጤቱስ? ሰባዎቹ ዛሬ ከሠላሳዎቹ ጋር አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተሰልፈው ማስታወቂያ ይጠብቃሉ። የእንግሊዝኛ ምሩቅ ሥራ ሲያጣ ጥፋቱ የትምህርቱ ነው እንላለን፤ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ሲያጣ ጥፋቱ የኢኮኖሚው ይሆናል። ለምን?

ደግሞ ሰባዎቹም ሠላሳዎቹም ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩት በምን ቋንቋ ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና የፊዚክስም የታሪክም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አልልም፤ ኩረጃው ሲዘጋ ብዙ ነገር ተገልጧል። ግን ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅም እንደማይመልስ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ያን ልጅ እንግሊዝኛ ያስተማረው መምህርስ የት ተማረ? እሺ፣ ቋንቋ ዶማ ነው እንበል። ዶማም እኮ ቀጥቃጭ ይፈልጋል። ቀጥቃጩን አባርሮ ዶማ ውድ ሆነ ብሎ ማማረር ምን ዓይነት ብልሃት ነው?

የጸጋዬን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሳለ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው ትምህርት ቤት የሄደው። ስለዚህ አሰልጣኝ አያስፈልግም፣ የማሠልጠኛ ማዕከላት ይዘጉ ያለ ሰው አልሰማሁም። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ያሳተመውን ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ይህን የሰማ ሰው ማሰብ ያለበት «አየህ፣ ዲፓርትመንት አያስፈልግም» ብሎ ነው? ወይስ ወረቀትና መዝገበ ቃላት፣ ጊዜና መምህር ያለው ልጅ እዚህ ግባ የሚባል ነገር ያልተረጎመው ለምንድን ነው ብሎ?

«የሌላ ሰው ቅርስ» የሚለው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ያከበደው የእኛ ሰው ሳይሆን ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ይሰረዝ ብሎ ጻፈ። እኛ ዘንድ ይህ ታሪክ ሲነገር ግማሹ ይቀራል። ንጉጊ ሥነ ጽሑፍ ይጥፋ አላለም። መሐሉ ላይ እንግሊዝ ሳትሆን አፍሪካ ትቀመጥ፣ ሌላው በዙሪያዋ ይነበብ ነው ያለው። ያን ለማለት ያበቃውን ዓይን ያገኘው ደግሞ በዩጋንዳው ማኬሬሬ በእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ተምሮ ነው። ናይጄሪያዊው አቼቤ ኢባዳን ሲገባ ሐኪም ሊሆን ነበር፤ እሱም ዲፓርትመንት ቀየረ (የእህቴ ልጅ ልትቀይር ከተመከረችው በተቃራኒ)። እዚያ ጆይስ ኬሪ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ስለ ናይጄሪያ የጻፈውን ልብ ወለድ አስነበቡት። በንባቡ ተናደደ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በከፊል የዚያ ንዴት ልጅ ነው። ሐኪም ሆኖ ቢመረቅ ኢባዳን አንድ ጥሩ ሐኪም ታገኝ ነበር፤ ለጆይስ ኬሪስ ማን ይመልስለት ነበር?

እኛም የሚመለስ አለን። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው የለንደን ሊቅ የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራስላስ» የተባለውን የአቢሲኒያ መስፍን ታሪክ ጻፈ። ለነገሥታቱ ልጆች የተዘጋ ደስተኛ ሸለቆ አበጀ፤ ከግሸን አምባ ወሬ የተቆረሰ ነው። ከዚያ በፊት የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ «ራስላስ»ን ወደ አማርኛ ባይመልሰው ኖሮ ብዙዎቻችን ስለ ራሳችን የተጻፈውን ይህን ቅዠት አናውቀውም ነበር። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሌላ ሰው ነው ስንል እነሱ እኛን ሲጽፉ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከዚህ ወገንም የጻፈ አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ»ን፣ ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን፣ በእኛ ዘመን መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰውን «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ጽፈዋል። ይህስ የማን ቅርስ ነው?

አሁን ወደ እንግሊዝ ገጠር ሴቶች የትዳር ጭንቀት ልመለስ፤ አልሸሽም። ጄን ኦስተን በ«ኤማ» ውስጥ የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ተራኪዋ የኤማን ሐሳብ በራሷ ድምፅ ታቀብልሃለች፤ ጥቅስ የለ፣ «ስትል አሰበች» የለ። ዓረፍተ ነገሩ መሐል ስትደርስ ትደናገራለህ፤ ይህ የደራሲዋ ፍርድ ነው ወይስ ልጅቷ ራሷን እያታለለች ነው? አንድ ክረምት ላይ ሥራ አጥቼ ቤት ቁጭ ባልኩበት ጊዜ ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ ልመልስ ሞከርኩ። አቃተኝ። ያቃተኝ እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አልነበረም። አማርኛ የሰውን ቃል ሲያቀብል ባለቤቱን ራሱን ያናግረዋል፦ «ነገ እመጣለሁ አለ» እንላለን። «እመጣለሁ» የሚለው እሱ ነው፣ ግን በእኔ አፍ፣ በአንደኛ መደብ ይናገራል። ሐሳቡንም እንዲሁ፦ «ምን ነክቶኛል ብሎ አሰበ»። ስለዚህ ያን ተንሳፋፊ ዓረፍተ ነገር ወይ ጥቅስ ውስጥ ከትቼ ለኤማ መስጠት፣ ወይ ጥቅሱን ነቅዬ ለተራኪዋ መስጠት ነበረብኝ። መሐሉን እንዲይዝልኝ አድርጌ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ምናልባት ከእኔ የተሻለ ይችል ይሆናል። ያን ክረምት ግን ሳወራው ያደግሁትን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኜ አየሁት። አማርኛ ሰዋስዉ ራሱ ቴአትር አለበት፤ ወሬ ስናወራ ሳናውቀው የሌላውን ሰው ሚና እየተጫወትን ነው። ይህን አማርኛ አልነገረኝም፤ በአማርኛ ውስጥ ስለኖርኩ አይታየኝም ነበር።

«ታዲያ ይህ ለምን ይጠቅማል?» ወንድም ጋሼ ሲለኝ ይሰማኛል። ዜና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዜና ላይ «አሌጅድሊ» የምትል አንዲት ቃል አለች፤ «ገደለ» የሚለውን «ገድሏል ተብሎ ተጠረጠረ» የምታደርግ። ስቱዲዮ ለመግባት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚጣደፍ ተርጓሚ መጀመሪያ የሚጥለው እሷን ነው። ትንሽ ናት፣ መሣሪያ አትመስልም። በአማርኛው ዜና ላይ ያልተፈረደበት ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ያድራል። ያ ዓረፍተ ነገር የማን ድምፅ ነው፣ የፖሊስ ነው፣ የከሳሽ ነው፣ የጋዜጠኛው ነው? ጥያቄው ከኦስተኑ ጋር አንድ ነው። በልብ ወለድ ላይ ያልተለማመደው ሰው በሰው ስም ላይ ይለማመድበታል።

እስከዚህ ድረስ የተከራከርኩት ከወንድም ጋሼ ጋር ነበር። አሁን ለራሴ ቤትም የምለው ነገር አለኝ። ዲፓርትመንቱን የገደለው ወንድም ጋሼ አይደለም። ዲፓርትመንቱ ራሱ የወንድም ጋሼን ሐሳብ ተቀብሎ ነው የሞተው። «መሣሪያ ናችሁ» ሲባል «አዎ፣ መሣሪያ ነን፣ ግን የተሳልን መሣሪያ ነን» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር «ስኪል» ሆነ፤ ሊስኒንግ ስኪል፣ ስፒኪንግ ስኪል፣ ሪዲንግ ስኪል። በሪዲንግ ስኪል ምን ተማርን? ስኪሚንግና ስካኒንግ። ሳያነቡ የማንበብ ጥበብ ማለት ነው። በራይቲንግስ? ቶፒክ ሴንተንስ፣ ሰፖርቲንግ ዲቴል፣ ኮንክሉዲንግ ሴንተንስ። አንድ ሙሉ መጽሐፍ አንብቦ ያልጨረሰ ልጅ ስለ አንቀጽ አሠራር ሃያ ገጽ ይጽፋል። ጣራና ግድግዳ ያለው፣ ሰው ግን የማይኖርበት ቤት።

የልብ ወለድ ኮርስ ወስጃለሁ። መምህሩ የሰጠን አምስት ገጽ ሀንድአውት ነው፤ ለስንት ባች እንደተባዛ እንጃ፣ ፎቶ ኮፒው ፊደሉን ጨርሶት ነበር። የአቼቤ መጽሐፍ እዚያ ውስጥ አለ፤ ገጸ ባሕርያት፣ ጭብጥ፣ የታሪክ ፍሰት፣ «ኦኮንክዎ ትራጂክ ሂሮ ነው»። ፈተናው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ኤ አመጣሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት ከተመረቅሁ በኋላ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ነው። ላይብረሪው ውስጥ ነበረ? ነበረ፤ ተቆልፎበት። ዛሬ ኤግዚት ኤግዛም መጥቷል፤ እሱም ምርጫ ነው። ሥነ ጽሑፍን በምርጫ ጥያቄ መፈተን ወጥን በሜትር እንደመለካት ነው። ይህን የሚያህል ትምህርት አይቶ «ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ይፈረድበታል? ወንድም ጋሼ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረበለትን ሀንድአውት ትምህርቱ መሰለው።

ትምህርቱን ግን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ሴሚስተር ብቻ ያስተማረን መምህር የ«ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን አንድ ገጽ ይዞ ገባ፤ በሽተኛ ፊታውራሪ ይዘው ወደ ዝቋላ አቦ የሚወጡ ሰዎች ታሪክ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበልንና «ይህን እንግሊዛዊ ይጽፈዋል?» አለ። አይጽፈውም አልን። «ስለዚህ ስህተት ነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ስህተት ነው አለ፣ አንዷ ዳኛቸው አማርኛውን ነው ያስገባው አለች፣ ሌላው ታዲያ በአማርኛ ለምን አልጻፈውም፣ «አደፍርስ»ን ጽፎ የለ ወይ አለ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ሰዋስው ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ ቋንቋ በእንግዳ እጅ ሲያዝ ይሰበራል ወይስ ይሰፋል? መልስ ሳይሰጠን ተደወለ። ግቢ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት የምሳ ሰዓት እስኪያልፍብን የቆየንበት ክፍል ያ ብቻ ነው፤ ካፌው ተዘግቶብን ጦማችንን ዋልን።

ሥራ ለሚለው ደግሞ ሥራውን ላሳይ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ዓለም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ያውም አንድ አሜሪካዊና አንድ ኢትዮጵያዊ ተጣምረው። አርባ ሁለት ዓመት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጥቶ በእንግሊዝኛ ለመነበብ አርባ ዓመት ያህል ጠበቀ። ለእነዚህ ሁለቱ ቢዘገይም ደርሷል፤ ያልደረሰለት መደርደሪያ ሙሉ ነው። በየዓመቱ ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ልጅ ይመረቃል? ከእነሱ አንድ እንኳ አንድ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ተርጉሞ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ፣ በአሥር ዓመት ምን ያህል ይከማች ነበር? እኔን ስለ «ግሩፕ ወርክ በስፒኪንግ ክፍል ያለው ጠቀሜታ» አስጻፉኝ። ለናሙና ያስሞላኋቸው መጠይቆች አሁንም ቤት አሉ፤ ባለቤቴ ጀርባቸውን ለአስቤዛ ዝርዝር ትጠቀምበታለች።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። በየዩኒቨርሲቲው አንድ አንድ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት መኖሩ ግዴታ አይደለም። በሦስት በአራት ቦታ ብቻ ይኑር፣ እስማማለሁ፤ የቀረው ይዘጋ። በሚቀረው ውስጥ ግን ከሌላ ቦታ የተረፈ ሳይሆን የፈለገ ይግባ። በሴሚስተር አራት ሙሉ መጽሐፍ ይነበብ፣ ከርዕስ እስከ መጨረሻ። ጆንሰን ከዳኛቸው፣ ኦስተን ከሐዲስ ዓለማየሁ አጠገብ ይቀመጥ፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ዲፓርትመንት በአንድ ኮሪደር ላይ ጀርባ የተሰጣጡበት ግድግዳ ይፍረስ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛም ሳይተረጉም ማንም አይመረቅ። የስድስት ወሩን ኮርስ ለቋንቋ ትምህርት ቤት እንተውለት፤ ይችሉበታል። ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «አሬስት» ምንድን ነው ብሎ ለሚያድር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዲፓርትመንት ከፍታችሁ አይታችሁ ካልጠቀመ ያኔ ዝጉት፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። እስካሁን ግን ዘጋነው እንጂ ከፍተን አላየነውም።

የእህቴ ልጅ ሰኞ ትሄዳለች። የዲፓርትመንት መቀየሪያ ማመልከቻዋን ወንድም ጋሼ ራሱ ጽፎላታል፤ ሳነበው ሦስት ስህተት አገኘሁበት፣ አላረምኩትም። ሻንጣዋ ውስጥ የዝቋላውን መጽሐፍ ከትቻለሁ። ሀንድአውት ሲያድሏት እጇን አውጥታ «መጽሐፉስ የታለ?» እንድትል አዝዣታለሁ።